ካርዱ ጊዜው አልፎበታል፤ ልጄ ግን እዚያው ናት

ውድ አማካሪ፣

ዓምድዎን ለብዙ ጊዜ ሳነብ ኖሬ ዛሬ እኔም ብዕር አነሳሁ። የ48 ዓመት ሴት ነኝ። በ2005 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ፣ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ የነበረችውን አንዲት ልጄን ይዤ አሜሪካ ገባሁ። ከአባቷ ጋር ቀድመን ተለያይተን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን፣ እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ፣ እሷም እየተማረች ስድስት ዓመት ኖርን።

መጋቢት 2011 እናቴን ስትሮክ መታቸው። ወንድሜ ደውሎ «በሕይወት ልታገኚያቸው ከፈለግሽ ቶሎ ነዪ» አለኝ። የሦስት ወር የደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጬ መጣሁ። ልጄ 17 ዓመቷ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ አንድ ዓመት ስለቀራት ከአክስቴ ልጅ ቤት ተውኳት።

እናቴ ግን አልሞቱም፣ አልዳኑምም። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ንግግራቸው ጠፋ። ሦስት ወሩ ስድስት ሆነ። ዓመት ሲሞላ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። እኔ አገላብጣቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ በማንኪያ አጎርሳቸዋለሁ። ጥር 2015 ላይ አረፉ። ከዚያ በኋላ ለምን እንዳልተመለስኩ ሰው ሲጠይቀኝ «የውርስ ጉዳይ» እላለሁ። እውነት ነው፣ ከወንድሜ ጋር ተካርረን ነበር። በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ያለው ሰፈራችን ፈርሶ ያደግኩበት ቤት አብሮ ሄደ። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነው። ግሪን ካርዴ በዚያው በ2015 ጊዜው አለፈ። ሳጥን ውስጥ ከትቼ ሳላየው ከረምኩ።

አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይቼ፣ ብሔራዊ ቲያትር አጠገብ ባለ የግል ክሊኒክ በገንዘብ ተቀባይነት እሠራለሁ። ልጄ 24 ዓመቷ ነው። በ2016 ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ በስልክ አየኋት። አምና የአሜሪካ ዜግነት ወሰደች። የሰማሁት ግን ከእሷ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶዋን ስትልክ ነው። ልጄ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ከዚያ ዝም እንባባላለን።

የሥራ ባልደረባዬ «ልጅሽ ዜጋ ናት፤ ፎርም ትሙላልሽ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ትለኛለች። ጥያት መጥቼ አሁን ሙይልኝ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ? ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ሰው ደግሞ በ80 ሺህ ብር የድሮውን ካርድ ማስመለስ እንደሚቻል ነገረኝ። ከ2015 ጀምሮ እኔም ታምሜ እንደነበር የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት እንደሚያሰራልኝ ቃል ገብቷል። ልጄን ሳላስቸግር በራሴ ብመለስ ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ


እህቴ፣

ለቦታ ብለን ከማሳጠራችን በፊት ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ግሪን ካርድ የተጻፈ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ስቆጥረው ካርዱ የያዘው ስምንት መስመር ብቻ ነው። የተረፈው እናትሽና ልጅሽ ናቸው። ስለዚህ ስለ ወረቀቱ የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ፣ ግን ወደ ሌላው መመለሴ አይቀርም።

አስቀድሜ ስታዲየም ስላለው ሰውዬ ላንሳ፤ እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም። ገንዘቡን አትስጪው። ሰጥተሽው ከሆነም እዚያው ላይ አቁሚ፤ በስምሽ የተዘጋጀ ወረቀት ካለ የትም ቦታ አይቅረብ። ይህን የምልሽ ልሰብክሽ ፈልጌ አይደለም። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ወይም ዋናውን ነገር የዋሸ ሰው አገሪቱ እንዳይገባ ይታገዳል። እገዳው ደግሞ እንደ አንዳንዶቹ ጥፋቶች በሦስት ወይም በአሥር ዓመት የሚያበቃ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ነገር ግን ይቅርታው የሚታየው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ (ግሪን ካርድ ያለው) የሆነ የትዳር ጓደኛ፣ እናት ወይም አባት ላለው ሰው ነው። ልጅ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። እንግዲህ አንቺው አስቢው፤ ሰውዬው 80 ሺህ ብርሽን ተቀብሎ የሚዘጋብሽ ልጅሽ ልትከፍትልሽ የምትችለውን በር ነው። «ልጄን ሳላስቸግር» ያልሽው ነገር ተገልብጦ ልጅሽ እንኳ ልትረዳሽ ወደማትችልበት ቦታ ይወስድሻል።

አሁን ወደ ሕጋዊው መንገድ እንምጣ። ሰውዬው «ማስመለስ ይቻላል» ያለው ከባዶ ተነስቶ አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ቋሚ ነዋሪ የሚያመለክትበት «ተመላሽ ነዋሪ» የሚባል ቪዛ አለ፤ በአጭር ስሙ ኤስቢ-1 ይሉታል። የሚጠየቀው በኤምባሲው ቆንስላ ነው፣ ፎርሙ ዲኤስ-117 ነው፣ የማመልከቻው ክፍያ 180 ዶላር ነው፤ ቢሳካም ባይሳካም አይመለስም። ቆንስሉ የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከአሜሪካ ስትወጪ ቋሚ ነዋሪ ነበርሽ ወይ? ሁለተኛ፣ ስትወጪ የመመለስ ሐሳብ ነበረሽ ወይ፣ ያንንስ ሐሳብ እስከ ዛሬ ሳትተዪ ይዘሽዋል ወይ? ሦስተኛ፣ ቆይታሽ የረዘመው ከአቅምሽ በላይ በሆነና አንቺ ባልፈጠርሽው ምክንያት ነው ወይ?

አንደኛው አያከራክርም። ሁለተኛው ላይ የሦስት ወሩ የደርሶ መልስ ቲኬት ይመሰክርልሻል፤ የቲኬቱ ቅጂ በኢሜይልሽ ውስጥ ሊኖር ይችላልና ፈልጊው። እስከ ጥር 2015 ያለው ታሪክሽም ጠንካራ ነው። ንግግሯን ያጣች እናት፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ በመጨረሻም የሞት ማስረጃ። እዚህ ላይ ማንም ሰው አንቺን አያፋጥጥም።

የሚያስቸግረው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ቆንስሉ «እናትሽ ካረፉ በኋላስ?» ማለቱ አይቀርም። የውርስ ክርክር በውክልና ሊያዝ የሚችል ነገር ነው ይልሻል። ሰፈሩ የፈረሰው በ2017 ነው፤ በመካከሉ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አለ። ኮሮናንም ብታነሺ የሚሰማሽ ሰው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ አየር መንገዳችን ጨርሶ እንዳልቆመ ያውቃል። ፍርሃት እውነተኛ ምክንያት ነው፣ እኔ እረዳዋለሁ፤ ግን «ከአቅም በላይ» ከሚለው ውስጥ አይገባም። አንድ ያላነሳሽው ነገርም አለ። ከ2011 በኋላ የአሜሪካ ግብር አሳውቀሽ ታውቂያለሽ? ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትም አገር ያገኘውን ገቢ ለአሜሪካ መንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ቆንስሎችም ይህንን የመመለስ ሐሳብ እንዳለ ወይም እንደሌለ ማሳያ አድርገው ያዩታል። በስምሽ የቀረ የባንክ ሒሳብ፣ የታደሰ መንጃ ፈቃድ፣ የተከፈለ መድን ይኖር ይሆን? ካለ ልብ በይው። ከሌለ ደግሞ ራስሽን አትክሰሺ፤ እናቷን በማንኪያ የምታጎርስ ሴት የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ማደስ ትዝ ባይላት አልፈርድባትም።

ፍርዴን ጠይቀሻልና ልናገር፤ እኔ ብሆን ያንን 180 ዶላር አላወጣም። መሞከር ግን አልተከለከለም። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማስረጃሽን አይቶ «ይሞከር» ካለሽ የእሱ ቃል ከእኔ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ግን በዓመት ውስጥ ብዙ ይደርሰኛል፤ ብዙዎቹም የሚሰናከሉት እዚያው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ለሕመምተኛ ዘመድ ብለው የሚመጡ አንባቢዎች ካሉ በዚህ አጋጣሚ ልንገራቸው። ከአሜሪካ ከመውጣታችሁ በፊት፣ እዚያው ሳላችሁ፣ የዳግም መግቢያ ፈቃድ አመልክቱ። እስከ ሁለት ዓመት ከለላ ይሰጣል። አንቺ ለሦስት ወር ብለሽ በሌሊት ሻንጣ ያነሳሽ ሰው ነሽና ያንን አላሰብሽም፤ ማንስ ያስበዋል?

ሰዎች ሌላም ምክር ሳይሰጡሽ አይቀሩም፤ «ካርዱን ይዘሽ ዝም ብለሽ ሂጂ፣ እዚያ ዳኛ ፊት ትከራከሪያለሽ» የሚል። በውስጡ ጥቂት እውነት አለበት። ካርዱ ላይ ያለው ቀን አለፈ ማለት ነዋሪነቱ በራሱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ነዋሪነትን በግዴታ መንጠቅ የሚችለው የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው፣ መተውሽን የማስረዳት ሸክሙም የመንግሥት ነው። ችግሩ ዳኛው ያለው ከውቅያኖሱ ማዶ መሆኑ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሰው፣ ያውም ጊዜው ባለፈበት ካርድ፣ ቦሌ ላይ መሳፈሪያ አያገኝም። ስለዚህ ይህንን ለክርክር ወዳዶች እንተወው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ፎርም አለ፤ አይ-407 ይባላል። ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ የሚል ነው። በድንጋጤ፣ ሰው ስላጣደፈሽ ብቻ አትፈርሚው። ነገ በልጅሽ በኩል አዲስ ማመልከቻ ለማስገባት ወይም ልጅሽን ለመጠየቅ በጎብኚ ቪዛ ለመሄድ ወስነሽ ፎርሙን ሙዪ ብትባዪ ግን ያን ጊዜ አትፍሪው። አንቺ ይህን ወረቀት የምትፈሪው በውስጡ ሌላ ነገር ስለሚነበብሽ ይመስለኛል። «ትቻለሁ» የሚለው ቃል። ፎርሙ የሚያወራው ስለ ካርድ ነው እንጂ ስለ ልጅሽ አይደለም።

ከልጅሽ ምን እንደሚመጣ ልንገርሽ፤ ሕጉ በአጭሩ ይኸው ነው። 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ለወላጁ ማመልከት ይችላል፤ ፎርሙ አይ-130 ነው፣ ክፍያው ከስድስት መቶ ዶላር አለፍ ይላል። የዜጋ ወላጅ «የቅርብ ቤተሰብ» ከሚባለው ክፍል ስለሆነ ለወንድምና ለእህት እንደሚሆነው በዓመት ኮታ ታጥሮ ብዙ ዓመት አያስጠብቅም። ኮታ የለም ማለት ግን ቶሎ ያልቃል ማለት አይደለም፤ ማመልከቻው እዚያ ይታያል፣ ፋይሉ ይተላለፋል፣ ከዚያ የሕክምና ምርመራና እዚህ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አለ። ከዓመት በላይ እንደሚወስድ አድርገሽ አስቢ። የቪዛ ፖሊሲ ደግሞ በአንድ ማስታወቂያ የሚቀየር ነገር ነው፤ ለአንዳንድ አገሮች ዜጎች ቪዛ መስጠት የሚቆምበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድም ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ማስታወቂያ ልጅሽም አንቺም አንብቡ። ልጅሽ «በገንዘብ እደግፋታለሁ» የሚል የድጋፍ ቃል መፈረምም አለባት። ገቢዋ ከአገሪቱ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ በታች ከሆነ ሌላ ሰው ተባባሪ ሆኖ ሊፈርም ይችላል፤ የአክስትሽ ልጅ ትዝ አለችኝ። በዚህ መንገድ ከሄድሽ የምታገኚው አዲስ ካርድ ነው። ለዜግነት የሚቆጠረው አምስት ዓመት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ያሳዝናል፣ ግን መሠረቱ ንጹሕ ነው።

እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ማንኛውም ጠበቃ ይነግርሽ ነበር። ልጅሽን በተመለከተ ግን ጠበቃው የሚጠይቅሽ ስለ ልደት ማስረጃዋ ብቻ ነው።

የዜግነቷን ፎቶ ከቴሌግራም ማየትሽ ልብሽን እንደሰበረው ከደብዳቤሽ ይታያል፤ ስለ እሱ የጻፍሽው በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከሷ ወገን ሆኜ ለማሰብ ሞከርኩ። 17 ዓመቷ ነበር። «ለሦስት ወር» ብለሽ ነበር የሄድሽው። ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ዓመት። ልጅ የአዋቂን ምክንያት ይረዳል፣ ግን ቀን መቁጠሩን አይተውም። አያቷ ታምመው እንደነበር ታውቃለች፤ ምናልባት «እናቴ ለእናቷ ሄደች» ብላ ኮርታብሽም ይሆናል። ያልገባት ከጥር 2015 ወዲህ ያለው ነው። አያቷ የሉም፣ አንቺም አልመጣሽም። ይህንን ጥያቄ በቃል ጠይቃሽ ታውቃለች? ወይስ አንቺ መልሱን ስለምትፈሪ «ደህና ነሽ» ላይ እንድትቆም አድርገሻት ይሆን? እየወቀስኩሽ አይደለም። እኔም ከገዛ ወንድሜ ጋር ለአራት ዓመት ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ያወራሁ ሰው ነኝ፤ ዝምታ ሁለት ሰው ተስማምቶ የሚሠራው ቤት መሆኑን አውቃለሁ።

አንቺ «ፎርም ሙይልኝ ማለት አፍሬ ነው» ብለሻል። ልክ ነሽ፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ብትጠይቂያት ያሳፍራል። ፎርሙ የመጀመሪያው ቃል መሆን የለበትም። በሚቀጥለው እሑድ ስትደውል «ደህና ነኝ» ከማለት ይልቅ ለእኔ የጻፍሽልኝን ዐረፍተ ነገር ንገሪያት፤ «አያትሽ ካረፉ በኋላ ያልመጣሁት ፈርቼ ነው።» ምን እንደፈራሽም ንገሪያት። እኔ ከደብዳቤሽ የገመትኩት ቦሌ ላይ መመለስን፣ ካርዱ እንደማይሠራ መስማትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅሽ ያለ አንቺ ሙሉ ሰው ሆና ማግኘትን ነው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። አንቺ የራስሽን ታውቂያለሽ። ያንን ቀን ስለ ቪዛ አንድም ቃል አታንሺ። ብታለቅስም፣ ብትቆጣም፣ ስልኩን ብትዘጋም እንኳ አታንሺ። እሷ ካነሳችው «ሌላ ቀን እናወራለን፤ ዛሬ የነገርኩሽ ለዚህ ብዬ አይደለም» በያት። ብትቆጣ ደግሞ ደስ ይበልሽ። ሰው የሚቆጣው ተስፋ ያልቆረጠበትን ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ቀስ ብለሽ መልሺው። በእርግጥ የምትፈልጊው አሜሪካን ነው ወይስ ልጅሽን? ስድስት ዓመት በሌሊት ፈረቃ የሰው እናቶችን ስታገላብጪ ከርመሽ፣ ከዚያ የራስሽን እናት ለማገላበጥ አገርሽ መጣሽ። አሁን 48 ዓመትሽ ነው፣ ወገብሽ እንዴት ነው? ወደዚያው ፈረቃ መመለስ ትችያለሽ? ወይስ እዚህ ብሔራዊ ቲያትር አጠገብ ያለው ሥራሽ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም፣ ቀን በቀን የምትሠሪው ሆኖ ለምዶሻል? መሄዱን የሚደግፍ ነገርም አለ። እዚያ የሠራሽባቸው ዓመታት ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከአሜሪካ የጡረታ ዋስትና) መዝገብ አይጠፉም። ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው፤ የስድስት ዓመት ሥራሽ 24 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ብትመለሺ ከባዶ አትጀምሪም፤ አራት ዓመት ያህል ነው የሚቀርሽ። ይህንን ከትርፍና ኪሳራው ሚዛን ላይ አስቀምጪው። መልስሽ «ልጄን ነው የምፈልገው» ከሆነ ግን ለመገናኘት የግድ አንቺ መሄድ የለብሽም። እሷ አሁን የአሜሪካ ፓስፖርት አላት፤ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ቪዛዋን በኢንተርኔት ማመልከት ትችላለች። አያቷ የተቀበሩበትን አላየችም። ካዛንቺስ ስትመጣ የልጅነት ቤትሽን አታገኘውም፤ ቦታውን ግን አብራችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከማንኛውም ማመልከቻ በፊት ይህንን ጉብኝት እመርጥ ነበር።

እስከዚያ እጅሽ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ አንድ ነገር አድርጊ። አንድ ደብተር ግዢና ከመጋቢት 2011 እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ በወር በወር ጻፊው፤ በዚያ ወር ምን ሆነ፣ የትኛው ወረቀት ያንን ያሳያል። ባዶ የሚቀሩ ወራት ይኖራሉ፤ ባዶ ተዪአቸው፣ አትሙያቸው። ያንን ዝርዝር ፎቶ አንስተሽ እዚያ ላለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ላኪው። የጠበቃ ዋጋ የሚከብድ ከሆነ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው ተወካዮች ያሏቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ፤ በዝቅተኛ ክፍያ ያያሉ። ጥያቄሽም አጭር ይሁን፤ «የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ብሞክር ትርጉም አለው ወይስ በቀጥታ በልጄ በኩል ልሂድ?» ከሽሮ ሜዳ በታች ኤምባሲው አቅራቢያ ጠዋት ጠዋት ዶሴ አቅፈው የሚቆሙትን ሰዎች አይተሽ ታውቂያለሽ፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት ከአጠገባቸው የቆመው ሰው የነገራቸውን ነው። አንቺ ከዚያ ተሽለሽ ሂጂ።

ከወንድምሽ ጋር ስላለው ነገር ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ነው። የእናታችሁን የሞት ማስረጃና የሆስፒታል ወረቀቶች ግን እሱ ጋ ካሉ ቅጂውን ጠይቂው። ከወረቀቱ ጋር ምናልባት ቡና ትጠጣላችሁ።

ሌላው ሰነድ የልጅሽ የልደት ማስረጃ ነው። ዜጋ የሆነች ልጅ ለእናቷ ስታመለክት ዋናው ማስረጃ እሱ ነው፤ የእናት ስም የሚለው ላይ ያለው ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ መሆን አለበት። በ2005 ስትሄዱ ይዛችሁት ሄዳችኋል፤ እሷ ጋ ይኖር ይሆናል። እንዳለ ጠይቂያት። ግን በመጀመሪያው እሑድ አይደለም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው።